ብቻዎን ነዎት?

በ1988 ዓ.ም. ከንግድ ሥራ ኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣ ዓለምን የጨበጥኩ መስሎኝ ነበር። መቼም የዚያን ጊዜ ዲፕሎማ እንደዛሬው የተናቀ አልነበረም። ዲፕሎማ ያለው ሰው ይቀጠራል፤ ደመወዝ ይቀበላል፤ ወላጆቹን ይጦራል። እኔም ተቀጠርኩ፤ ተቀበልኩ፤ ጦርኩ። በሥራው ላይ ሃያ ዓመት ስደፍን ግን የክፍያ ማዘዣ አሞላል እኔው ያስተማርኳቸው ልጆች አንድ በአንድ አለቆቼ ሆነው ቁጭ አሉ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ክፍት የሥራ ቦታ በወጣ ቁጥር መነጽሬን አድርጌ እሄድና «ተፈላጊ ችሎታ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ» የምትለው መሥመር ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ እመለሳለሁ።

«ማታ አትማሪም?» ይሉኛል። ማለቱ ቀላል ነው። ከሥራ ወጥቶ ኤክስቴንሽን የሚማር ሰው ቤቱ የሚገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በ2008 ዓ.ም. ደም ግፊት ጥሏት ግራ ጎኗ ከሰነፈ ወዲህ ብቻዋን መሆን አትችልም ነበር። ቀን ቀን ሠራተኛችን ትጠብቃታለች። ሲመሽ ደግሞ ሠራተኛችን ደብተሯን ይዛ ማታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እሷን ከትምህርት አስቀርቼ እኔ ልማር አልል ነገር፣ ሕሊና የሚሉት አለ። እናም እሷ ትማር ነበር፤ እኔ ቤት እጠብቅ ነበር።

ሐሳቡን ያመጣችው ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። «እታለም፣ እዚህ አገር እኮ ሰው ፒጃማውን እንደለበሰ ነው ዲግሪ የሚይዘው» አለችኝ በስልክ። እሷ ራሷ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። አሮጊቶችን ታገላብጣለች፤ ታጥባለች፤ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። የገዛ እናቷን የማገላብጠው እኔ ነኝ፤ የሰው እናት የምታገላብጠው እሷ ናት። ይህን አንድም ቀን አፍ አውጥተን ተነጋግረንበት አናውቅም፤ የትምህርቱን ገንዘብ እኔ እከፍላለሁ ስትል ግን ሁለታችንም ምን እያለች እንደሆነ ገብቶናል። እኔማ ልክፈል ብልስ ከዚህ ሆኜ ዶላር ከየት አመጣለሁ? ክፍያው በየኮርሱ በሷ ካርድ ሆነ። ገንዘብ የተላከለት ሰው ሁሉ በሳምንቱ ዲግሪ በፖስታ የሚልኩ «ዩኒቨርሲቲዎች» እንዳሉ ሁላችንም ሰምተናልና፣ ይህኛው ሕጋዊ ዕውቅና ያለው መሆኑን ሦስት ጊዜ አጣርታ፣ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ አስመዘገበችኝ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ወሬው ሲሰማ የሳቀው ብዙ ነው። «ኦንላይን? እሱም ዲግሪ ነው?» አሉ። አይፈረድባቸውም። እኛ አገር «ርቀት» የሚለው ቃል ራሱ ስሙ የጎደፈ ነው። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን በጅምላ አግዶ፣ ብዙም ሳይቆይ እገዳውን ማንሳቱን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ጥርጣሬው ግን ከእገዳው ጋር አልተነሳም። እኔ ለመከላከያ የያዝኩት ማንዴላን ነበር። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የያዙት እስር ቤት ሆነው፣ ከደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ በርቀት ተምረው ነው። እንግሊዞችም ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚሉትን ከፍተው በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበሉ፣ ትምህርቱ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ይህን ሁሉ ስዘረዝር አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ማንዴላ 27 ዓመት ታስረዋል፤ አንቺስ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ትምህርቱ ሲጀመር የመጀመሪያው ጠላቴ ትምህርቱ ሳይሆን ሰዓቱ ሆነ። የሳምንቱ ሥራ መግባት ያለበት እሑድ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በነሱ። በኛ ሲሰላ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ጥሩ ነው አልኩ። እሑድ ማታ እናቴ ስትተኛ ጽፌ እጨርሳለሁ፤ የቤቴ ኢንተርኔት በሞባይል ካርድ የሚሄድ ስለሆነ ሰኞ ማለዳ ከሠራተኛ ሁሉ ቀድሜ መሥሪያ ቤት እገባና በዚያ እልካለሁ። ዘበኛችን በሩን እየከፈተልኝ «ዛሬም ኦዲት ነው?» ይለኛል። ለወራት እንዲህ ሠራሁ። መጋቢት 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ እንደልማዴ ስልክ «ዘግይቷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣብኝ። ለካስ አሜሪካኖች በዋዜማው ሌሊት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተውት ኖሯል። የፀሐይን ብርሃን ለመቆጠብ ነው አሉኝ። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ለሚወጣለት አገር ሰው ይህን ለማስረዳት መሞከር ከንቱ ነው። ከመቶ አሥር ተቀነሰብኝ። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የእጅ ሰዓት ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ አንዱ ያባቴ የነበረ ነው።

አስተማሪዎቹን የማውቃቸው በቪዲዮ ነው። ሠራተኛችን አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ አይታ «እትዬ፣ ፕላዝማ ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የገባውን፣ ተማሪው ሳይገባው ጥሎ የሚሮጠውን የቴሌቪዥን መምህር ማን ይረሳዋል? ልዩነቱ የኔን ፕላዝማ ማስቆም መቻሉ ነው። ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ሳላስቆመውም ይቆማል። መምህሬ አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን አንስተው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር መሐል እንደ ሐውልት ቆመው ሲቀሩ እኔ ተነስቼ እናቴን አገላብጬ፣ ወጥ አማስዬ እመለሳለሁ።

መወያያ ሰሌዳ የሚሉት ነገርም አለ። በየሳምንቱ አንድ ሐሳብ መጻፍ፣ ለሁለት ሰው ጽሑፍ ደግሞ መልስ መስጠት ግዴታ ነው፤ ነጥብ አለው። እውነቱን ልናገርና፣ እንደዚያ ያለ የማስመሰል ገበያ አይቼ አላውቅም። «በጣም ግሩም ሐሳብ ነው፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ» ይላል አንዱ። ሌላው ያንኑ አገላብጦ ይለዋል። ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ እንደሚቀመጥ ሰው፣ ሁሉም ስሙን አስመዝግቦ ይወጣል። እኔም ተማርኩት። አንድ ኦሃዮ ያለ የጭነት መኪና ሾፌር በየማቆሚያው ቆሞ ከስልኩ እየጻፈ ይልክ ነበር። አንዲት ናይጄሪያዊት ደግሞ ሌሊት ጡት እያጠባች እንደምትጽፍ ነግራን ነበር። ይህን ያህል ነው የማውቃቸው። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም።

አሁን ልናገረው ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. እናቴ ሳንባዋን ታማ አንድ ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። ቀን ሥራ፣ ማታ ሆስፒታል፣ ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ። በዚያው ሳምንት አሥር ገጽ ጽሑፍ መግባት ነበረበት። ኮርሱ ምን እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ የንግድ ሥነ ምግባር ነበር። ለመምህሯ ችግሬን ጽፌ ቀን ማስጨመር እችል ነበር፤ አላደረግሁም። አፈርኩ መሰለኝ። ብቻ እግሬ ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ወሰደኝ። በሩ ላይ «አሳይመንት እንሠራለን» ብሎ የለጠፈ የለም፤ ግን ሁሉም ያውቃል። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ቀና ሳይል «ማዘር፣ ስንት ገጽ ነው? ለመቼ?» አለኝ። የልጄ እኩያ በሆነ። 600 ብር ተስማማን። እሑድ ማታ በፍላሽ ሰጠኝ፤ ሰኞ ጠዋት ሳላነበው ላክሁት።

ከመቶ 94 አገኘሁ። በራሴ እጅ የሠራሁት እንዲህ ያለ ነጥብ አግኝቶ አያውቅም። መምህሯ ግርጌው ላይ «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የራስሽ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል» ብላ ጻፈችልኝ። ያቺን መሥመር ለማንም አላሳየሁም። እህቴ በዚያው ሰሞን ስትደውል ውጤቴን ጠየቀችኝና ነገርኳት። ሥራ ቦታዋ ለነበሩት ሁሉ «እህቴ 94 አመጣች» ብላ ስትናገር በስልኩ ውስጥ ሰማኋት።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ለብሔራዊ ፈተና ሲባል፣ ቀጥሎም ከሰኔ 15ቱ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ በእህቴ በኩል በስልክ እየተናገርኩ ተገላገልኩ። የባሰው በዓመቱ መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ መጀመሪያ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸውን በኦንላይን ለማስተማር ሲጣደፉ፣ ያ ማንዴላን ያነሳብኝ ባልደረባዬ ማስተርሱን በዚያው መንገድ ለመቀጠል ተገድዶ «እስቲ ይህ ነገር እንዴት ነው የሚከፈተው?» ብሎ ወደኔ ጠረጴዛ መጣ። አሳየሁት። ብዙም አልኮፈስኩበትም።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊው ሀጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ። አገር ሐዘንና ፍርሃት ውስጥ ሆኖ፣ ሰው እየሞተ፣ እኔ ስለ ኮርሴ ማሰቤ አሳፍሮኝ ያንን ነገር ለማንም አላነሳሁም። ግን አስብ ነበር። ኮርሱ ስምንት ሳምንት ነው፤ እኛ ሦስት ሳምንት ያህል ጨለማ ውስጥ ቆየን። ይህን ጊዜ ደግሞ ለእህቴ ደውሎ ሥራ ማስተላለፉም አልተሳካም፤ የተሰጠውን ንባብ ሳላየው ምኑን አስተላልፋለሁ? ገንዘቧ ውኃ በላው ብዬ ተቀመጥኩ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሲከፈት መልእክቶቼን እየፈራሁ ገለጥኩ። ከዩኒቨርሲቲው የመጡት ማሽን የጻፋቸው ነበሩ፤ «ሥራዎ ዘግይቷል»፣ «ሥራዎ ዘግይቷል»፣ «ከኮርሱ ሊሰናበቱ ነው»። ከነሱ መሐል አንድ የሰው መልእክት አገኘሁ። የጭነት መኪና ሾፌሩ ነው። «አገርሽ ውስጥ ኢንተርኔት መቋረጡን በሬዲዮ ሰማሁ። በሕይወት አለሽ? ለመምህሩ ጽፌላቸዋለሁ» ይላል። መምህሩም በሱ ደብዳቤ ምክንያት «ያልተጠናቀቀ» ብለው ጊዜ ሰጥተውኝ ኖሯል። ያ ሰውዬ ከዚያ በፊት ለኔ የጻፈው ነገር ቢኖር «ግሩም ሐሳብ ነው፤ እስማማለሁ» ብቻ ነበር።

በጥር 2013 ዓ.ም. የስታቲስቲክስ ማጠቃለያ ፈተና ደረሰ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ፣ በካሜራ የሚጠበቅ ፈተና ነው። ፈታኙ ከየት አገር እንደሆነ ያላወቅሁት ወጣት ሲሆን በኮምፒዩተሩ ማዕዘን ላይ ፊቱ ይታያል። ክፍሉን በካሜራ አዙሬ እንዳሳየው አዘዘኝ። አልጋ ሥር፣ ጠረጴዛ ሥር፣ ጣሪያ። የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ እንዳነሳ ነገረኝ፤ ጽሑፍ አለበትና። ሻሼን ገለጥ አድርጌ ጆሮዎቼን እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ ማዳመጫ ደብቄ እንደሆነ። ለማላውቀው ወንድ ጆሮዬን ሳሳይ፣ በውስጤ ያቺ የ94 ነገር ብቅ አለች። ያን ጊዜ ማንም አላየኝም፤ አሁን በንጹሕ ልቤ ስቀመጥ እንደ ሌባ እፈተሻለሁ።

«ብቻሽን ነሽ?» አለኝ በመጨረሻ። ብቻዬን ነኝ አልኩት።

ለሠራተኛችን አደራ ብያት ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደሄድኩ ግን የቆጣሪ አንባቢው የውጭውን በር ደበደበ፤ ልጅቷ ልትከፍትለት ወጣች። እናቴ በዚያች ቅጽበት ከዘራዋን ይዛ እየተጎተተች በሬን ገፍታ ገባች። ሰው ፍለጋ ነው የመጣችው፤ ዝም ያለ ቤት አትወድም። አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ፊት አየች። «ልጄ፣ ማነው ይሄ?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅም፣ «እንደምን ዋልክ የኔ ልጅ? እናትህ ደኅና ናት?» ብላ ሰላምታ አቀረበችለት።

«ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ማን ናት?» አለ።

እናቴ ናት፣ ታማሚ ናት አልኩ።

«አሁኑኑ ክፍሉን ለቃ ትውጣ።»

ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ደንቡን ነው የሚያነበው። እኔ ግን እናቴን «ውጪ» ማለት አልቻልኩም። ብላትስ፣ ለመቀመጥ ብቻ ያን ያህል የታገለችው ሴትዮ እስክትነሳ ስንት ደቂቃ ነው? እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ የድምፁን ቃና ግን ሰምታለች። «ምን አለ?» አለችኝ።

«ሰላም ብሎሻል» አልኳት።

ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ፈተና ተዘጋ። በማግስቱ «ከሦስተኛ ወገን እርዳታ በማግኘት ተጠርጥረሻል» የሚል ደብዳቤ መጣ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዳዊት ትደግማለች፤ ስታቲስቲክስ ግን ትነግረኛለች ብሎ መጠርጠር ከልክ ያለፈ አክብሮት ነው። የሐኪም ወረቀቷን አስተርጉሜ፣ አቤቱታ ጽፌ፣ እየተመላለስኩ ስድስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ እንደገና እንድፈተን ተፈቀደልኝ፤ ተጨማሪውን ክፍያ አሁንም የከፈለችው እህቴ ናት።

በሁለተኛው ጊዜ በቤቴ አልሞከርኩም። መሥሪያ ቤት ቅዳሜ ዝግ ነው፤ የጓደኛ ቤት ደግሞ ብቻዋን የምትኖር ጓደኛ የለችኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ለሦስት ሰዓት ብቻውን መሆን የሚፈልግ ሰው የት እንደሚሄድ ሳስብ አንድ መልስ ብቻ ታየኝ። ኢንተርኔት ያለው ፔንሲዮን ጠይቄ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ እኔን አየች፤ ቦርሳዬን አየች፤ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው እንዳለ አሻግራ አየች።

«ለአዳር ነው?»

«አይደለም፣ ለሦስት ሰዓት።»

አንገቷን ደፋች። «ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን መሆን ስላለብኝ ነው የመጣሁት» አልኳት። ማብራሪያው ነገሩን ይበልጥ አበላሸው መሰለኝ፤ ቁልፉን ስትሰጠኝ ፈገግታዋን በእጇ ሸፈነች። ክፍሉ ሮዝ መጋረጃ ነበረው። ፈታኙ አልጋውን በካሜራ ሲያይ ምን እንዳሰበ አላውቅም። ከመቶ 71 አገኘሁ። ያቺ 71 የኔ ናት።

በ2014 ዓ.ም. ጨረስኩ። ወረቀቱ ከሜሪላንድ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ፣ በሹራቦች መሐል ተጠቅልሎ ደረሰኝ። መሥሪያ ቤቴ የአቻ ግምት አምጪ አለኝ፤ ተመላልሼ አመጣሁ፤ ደረጃዬም አደገ። ይህን በአጭሩ የምለው በእርግጥም አጭር ስለሆነ ነው። ደመወዜ የጨመረው በዚያ ዓመት የዘይት ዋጋ ከጨመረው ያነሰ ነው። እናቴ በ2015 ዓ.ም. አረፈች።

እህቴ ለቀብር መጥታ ከተመለሰች በኋላ እሷም በተራዋ ተመዘገበች፤ ነርስነት፣ ግማሹ በኦንላይን። ስታቲስቲክስ ላይ ስትደርስ ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ትደውልልኛለች፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለፈው ሰሞን በጣም ተናዳ ደወለች። የክፍሏ ልጆች ጽሑፋቸውን በቻትጂፒቲ እያስጻፉ እሷን እየበለጧት ነው። (ያ የስድስት ኪሎው ልጅ ምን እየሠራ ይሆን? ማሽኑ 600 ብር አይጠይቅም።) «እኔና አንቺ ብቻ ነን ሞኞቹ፣ እታለም» አለችኝ።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ያቺ «እኔና አንቺ» ያለችው ቃል ያዘችኝ። የሥነ ምግባሩን ኮርስ፣ የሆስፒታሉን ሳምንት፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ነገርኳት። 94 የተባለችውን አስታወስኳት። በስልኩ ውስጥ የአውቶቡስ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው።

«ስንት ከፈልሽ?» አለችኝ።

«600 ብር።»

«ያን ጊዜ በዶላር ስንት ነው?»

«ሃያ ግድም።»

ትንሽ ቆየች። «ያንን ኮርስ እኔ የከፈልኩት ስድስት ሌሊት ሠርቼ ነው» አለች። አልተቆጣችም፤ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው የተናገረችው። ምን እንደምመልስላት ጠፍቶኝ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። አውቶቡሱ ቆመ፤ ወረደች መሰል፣ ንፋስ ይሰማል። ከዚያ የወረቀት መንኮሻኮሽ መጣ።

«በይ አሁን ይቺን አስረጂኝ፤ ነገ ማታ ትገባለች» አለችኝና ጥያቄውን ታነብልኝ ጀመር። የአማካይና የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ጥያቄ ነበር። እስክሪብቶ ፈልጌ ተቀመጥኩ።